ስልሳ አራት ግራም

ሰኞ 4

የምሠራበት ጥገና ቤት አንድ ሕግ አለው፤ የነካኸውን ጻፍ። ባለቤቱ፣ እኛ ጋሽ ብየዳ የምንለው፣ አንዲት ብሎን ፈትተህ መዝገቡ ላይ ሳታሰፍር ካገኘህ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ስትወለውል ትውላለህ። የእኔ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነው ይላል። ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሮ ሁለቴ ላቋረጠ ሰው ይቺም ትበዛለች።

ይኼኛው ደብተር ግን የግሌ ነው። መዝገቡ ላይ "ፋን ተነቅሎ ተጸዳ" ይጻፋል እንጂ ፋኑ ውስጥ የደረቀ እንሽላሊት አግኝቼ የጋሽ ብየዳ መነጽር ማኅደር ውስጥ እንዳስተኛሁት አይጻፍም። ለእንዲህ ያለው ቁም ነገር ሌላ ደብተር ያስፈልጋል።

ቤት ሦስት ነን። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። እታለም ታላቄ ናት፤ ነርስ ናት፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎች ክፍል ነው የምትሠራው። ከሥራ መልስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ ይኸው አራተኛ ዓመቷ። ለመመረቂያ የምትጽፈው፣ ጨቅላዎቹ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ከሚተኙ በእናታቸው ደረት ላይ ተለጥፈው ቢውሉ ቶሎ ይከብዳሉ የሚል ነው። ሆስፒታሉ እናቶችን የሚያስገባው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ለዚህ ጥናት ሲባል ብቻ ጥቂቶች እንዲውሉ ተፈቅዷል። እሷ ያንን በር ለሁሉም ልታስከፍት ነው ሐሳቧ። ሕፃናቱን ትመዝናለች፣ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ ቤት መጥታ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ታስገባለች።

ኮምፒውተሩን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ኬዙ ከአንዱ፣ ማዘርቦርዱ ከሌላው፣ ዲስኩ ከማላስታውሰው። አንዱ ጎኑ ክዳን ስለሌለው በካርቶን ዘግቼዋለሁ። "ቁስለኛው" ነው የምትለው። ይሠራል ግን። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን "ማሽኑ በእርስዎ ምክንያት ሞቷል፤ ለቀብር ይዘጋጁ" የሚል ሰማያዊ ስክሪን ሠርቼ ጫንኩባት። ጫማዋን ወረወረችብኝ። ጎንበስ ስል እማዬን መታት።

ሐሙስ 7

ቸኩያለሁ። ከነዝሆኔ ጋር የጌም ውድድር ገብተናል፤ አንድ ሳምንት። (ዝሆኔ ማለት ነፋስ የሚወስደው ቀጫጫ ጓደኛዬ ነው።) የእሱ ማሽን ራም አነሰው። ራም ማለት ማሽኑ የሚሠራበትን ነገር እስኪጨርስ የሚይዝባት፣ የመሃል ጣት የምታህል ዘንግ ናት። የእታለም ማሽን ሁለት አለው። አንዷን ለሳምንት ተዋስኩ።

እንዳይንቀራፈፍባት ከጥገና ቤቱ የሙታን ሳጥን ሌላ አምጥቼ በቦታዋ ሰካሁ። ጋሽ ብየዳ የተበላሸ ራም ሲያገኝ በሚስቱ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጎ ነው እዚያ ሳጥን ውስጥ የሚጥለው። ነጥቧን በአሴቶን ጠረግሁ። ማሽኑ ተነሳ። እንዲያውም በደንብ ተነሳ። ጋሽ ብየዳ አንዳንዴ በሕይወት ያለውንም ይቀብራል።

መዝገቡ ላይ አልጻፍኩም። ሳምንት ነው እኮ።

ማክሰኞ 12

እታለም ከክፍሏ "አንተ" ብላ ጠራችኝ። አጠራሯ ገባኝ። ስገባ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ ጽሑፍ ደርድሯል።

"ደግሞ ጀመርክ?"

አየሁት። የእኔ አይደለም። የእኔው ስለ ቀብር ይል ነበር፤ ይኼ ቀልድ አያውቅም።

"ንገረኝ፤ አንተ ነህ ወይስ ማሽኑ? ማሽኑ ከሆነ ሥራዬን አቁሜ ለጌታህ ልውሰደው።"

ጋሽ ብየዳ ከፈተው ማለት ደግሞ የሙታን ሳጥኑን ቆጠረ ማለት ነው። "እኔ ነኝ" አልኳት። ሳቅሁ እንኳ።

"ሰው አትሆንም አንተ" ብላ በትራስ ጀርባዬን ጠለዘችኝና አስነስታ ቀጠለች። ዛሬ ያስገባችው የስድስት ሕፃናት ክብደት ነው።

ቀላል ነገር ነው። ከነገ ወዲያ ራሟ ትመለሳለች።

ሐሙስ 14

ተሸነፍን። ዝሆኔ ራሟን "ትንሽ ቀን አቆያት" አለኝ። ትንሽ ቀን በዝሆኔ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ የሚያውቅ አልተወለደም።

እታለም ጠዋት በር ላይ "ቀልድህ ትናንት ሁለቴ መጣች፤ አንዴ ይበቃኛል፤ አጥፋልኝ" አለችኝ። "እሺ" አልኳት።

ዓርብ 15

ቸኩያለሁ። እታለም ተረኛ ናት። ማሽኑን ከፈትኩ። አቧራ ጠረግሁ። ፋኑን ዘይት አቀመስኩ። ፓወር ሰፕላዩን ለወጥኩ። ኬብሎቹን ነቅዬ ሰካሁ። ዲስኩን ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ሁሉንም ነካሁ።

ከአንዷ፣ ከሙታን ሳጥን ካመጣኋት ራም፣ በቀር። እሷን ብነቅል ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ ከተንቀራፈፈ ይጠየቃል። በዚያ ላይ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ማን አየ? ከአቧራውም ሊሆን ይችላል። ብዙ አቧራ ነበር።

እሁድ 17

ሙቀቱ ገባ። ቆርቆሮው ይንጣጣል። እማዬ የስፌት መኪናዋን ይዛ በረንዳ ወጣች። እታለም የማሽኑን ክፍል መስኮት ከፍታ በእርጥብ ፎጣ አንገቷን ጠቅልላ ትጽፋለች። በካርቶኑ በኩል እጄን አስገባሁ፤ የሚያቃጥል አየር ነው የሚወጣው።

ሁለቱ ሲያወሩ ሰማሁ።

"የአምናዎቹን፣ ሳጥን ውስጥ ብቻ የነበሩትን፣ ጨርሼ ከዘጋሁ ቆየሁ" አለች እታለም። "አሁን የማስገባው በደረት የተያዙትን ነው። እማዬ፣ ቁጥሩ እኔ ከጠበቅሁትም በላይ ነው። እየከበዱ ነው።"

"ድሮም እናት እያለች ሕፃንን ሳጥን ውስጥ ምን አስቀመጠው" አለች እማዬ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። "ይኼን ለማወቅ አራት ዓመት መማር ነበረብሽ?"

"ለማወቅ አይደለም፤ ለማሳመን ነው።"

እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ስንት ጊዜዬ። ውኃ ቀድቼ ሰጠኋት። "ምን ጨምረህበታል?" ብላ አሽትታ ነው የጠጣችው።

ረቡዕ 20

ማለዳ፣ እታለም ሥራ እንደሄደች፣ የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ጭኜ አስኬድኩ። አርባ ደቂቃ። አንድም ስህተት የለም። አንድም። እፎይ አልኩ።

ጥገና ቤት ስደርስ ጋሽ ብየዳ አዲሱን ሠራተኛ እየተቆጣ ነው። "ራም በብርድ አይፈተሽም ብዬሃለሁ። ሁለት ሰዓት አሠራው፣ ይሙቅ፣ ከዚያ ጠይቀው። ቀዝቅዞ ሁሉም ደህና ነው።" እኔን ዞሮ አየኝ። "አንተ ምን ሆነህ ነው ዛሬ ያልሳቅከው?"

"ጥርሴን አሞኝ ነው" አልኩት።

በሙቀት ደግሜ ልፈትሽ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን እታለም ማሽኑ ላይ ናት። እንዴት ብዬ ላስነሳት።

ረቡዕ 27

ዝሆኔ ራሟን አመጣ። ከእታለም ማሽን የሳጥኗን ነቅዬ የጥንቷን መለስኩ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሌላዋን መሳቢያዬ ውስጥ ጣልኳት። አለቀ። እንዲያውም እታለም ማታ "ዛሬ ማሽኑ ሰላም ነው፤ ምን ነካህ፤ ታመምክ እንዴ?" አለችኝ።

"አርጅቻለሁ" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ከእኔ በላይ ሳቀች።

አዲስ ወር፣ ሰኞ 2

ጽሑፏን አስረከበች። ሦስት ቅጂ፣ በሰማያዊ ሽፋን። እማዬ አንዱን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ጨርቅ በመዳፏ ዳበሰችው።

ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። ደህና ነን።

ሰኞ 9

ፈተናዋ ዛሬ ነበር። ቆማ ስታቀርብ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ሰማ አለች። አንዱ ፈታኝ ብቻ የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች፣ በእጅ የተጻፉትን የሚዛን መዝገቦች፣ አምጪ ብሏታል። ሰጠችው። "ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ደስ ይላል" አለች።

እኔ ስሙን "ሚዛን" አልኩት። አሳቃት።

ሐሙስ 12

ደብዳቤ መጣ።

ሚዛን ወረቀቱንና ኮምፒውተሩን ጎን ለጎን አድርጎ አየ። በደረት ከተያዙት ስልሳ ሁለት ሕፃናት የሃያ ሦስቱ ክብደት አይገጥምም። ሁሉም ኮምፒውተሩ ላይ ይበዛል። አንድም የሚያንስ የለም። የአምናዎቹ ግን ልክ ናቸው። ደብዳቤው "ሆን ተብሎ ውጤት ለማሳመር" ይላል። በ26 ኮሚቴ ፊት ቀርባ መልስ ትስጥ ይላል። ካላሳመነች ጽሑፉ ይሰረዛል፣ ከትምህርቱም ትባረራለች፣ ለሆስፒታሉም ይጻፋል።

እታለም ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ወረቀቶቿን ታገላብጣለች። "እጄ ነው" አለች። "ደክሞኝ ነበር። እየደከመኝ ነው ያስገባሁት። ግን እንዴት ሁሉም ወደ ላይ? እኔ ልቤ ፈልጎት ይሆን እንዴ፣ ሳላውቀው?"

እማዬ "ሰው ይሳሳታል፤ ይቅርታ በያቸው" አለቻት።

እኔ በር ላይ ቆሜ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ታስሮ ነበር።

እሁድ 15

ጥገና ቤቱ ዝግ ነው፤ ቁልፍ አለኝ። የእታለምን ወረቀት ኮፒ ሰርቄ ይዤ ገባሁ። ብቻዬን ነኝ።

የወረቀቱን በግራ፣ የኮምፒውተሩን በቀኝ ጻፍኩ። ሂሳብ አልወድም፤ መቀነስ ግን ማንም ይችላል።

ወረቀት ላይ 1180፣ ኮምፒውተር ላይ 1244። ወረቀት 1310፣ ኮምፒውተር 1374። ወረቀት 905፣ ኮምፒውተር 969። ወረቀት 1425፣ ኮምፒውተር 1489።

ሃያ ሦስቱንም ቀነስኩ። ሃያ ሦስቱም ስልሳ አራት ግራም።

ድካም እንዲህ አይቆጥርም። የደከመ ሰው አንዴ ሰባት፣ አንዴ ሁለት መቶ ይስታል። ስልሳ አራትን ብቻ መርጦ የሚሳሳት እጅ የለም።

ይቺን እንኳ አውቃለሁ። ራም ውስጥ ቁጥር የሚያዘው በማብሪያ ማጥፊያዎች ነው፤ እያንዳንዷ ማብሪያ የየራሷ ዋጋ አላት፤ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ እንዲህ እያለ እጥፍ እጥፍ ይሄዳል። ስልሳ አራትም አንዷ ናት። ያቺ ማብሪያ በርታ ከተጣበቀች፣ መጥፋት ባለባት ቁጥር ላይ ስልሳ አራት ትጨምራለች። መብራት ባለባት ላይ ግን ምንም አታደርግም። ለዚህ ነው 1240 የነበረው ሕፃን 1240 ሆኖ የቀረው። መቀነስ አታውቅም። ለዚህ ነው ሁሉም ወደ ላይ የሆነው።

መሳቢያዬ ውስጥ የነበረችውን ራም ይዤ መጥቻለሁ። ጥገና ቤቱ ማሽን ላይ ሰክቼ ፈተሽኳት። ሃያ ደቂቃ ንጹሕ። ጋሽ ብየዳ ሙጫ የሚያደርቅበትን የፀጉር ማድረቂያ አንስቼ አሞቅኋት። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ቀይ መስመር ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ስክሪኑ ሙሉ። ፕሮግራሙ የትኛዋ ማብሪያ እንደሆነች ይናገራል። ስልሳ አራቷ ናት።

ማድረቂያውን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ደጅ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ በሩን ስትመታ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ፖሊስ የመጣብኝ ነው የመሰለኝ።

"እኔ ነኝ" ባልላት ኖሮ ማሽኑን ታቆም ነበር። ያን ቀን ለጋሽ ብየዳ ትወስደው ነበር። ይኼን ከጻፍኩ ወዲያ ሌላ የምጽፈው የለም።

ማክሰኞ 17

ነገርኳት።

ከሥራ መጥታ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ዝሆኔን፣ ሳጥኑን፣ ቀዩን ነጥብ፣ ስልሳ አራቱን። ወረቀቱን አሳየኋት። እየቀነሰች አየችው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራተኛው ላይ ቆመች።

"ሰማያዊው የመጣ ቀን ጠይቄህ ነበር" አለች። "አንተ ነህ ወይስ ማሽኑ ብዬ።"

"አዎ።"

"አንተ ነህ አልከኝ።"

"አዎ።"

ትጠልዘኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልነካችኝም። እግሯን ከውኃው አውጥታ በፎጣ ጣት በጣት አደረቀች።

"እጄ አይደለም ማለት ነው" አለች። "እኔ አምስት ቀን ሙሉ እጄን ሳየው ነበር።"

ከዚያ ለተረኛ ነርስ እንደምትሰጠው የሥራ ትእዛዝ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ኮሚቴው ፊት ትመጣለህ። ራሟን ታመጣለህ። ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱ ትነግራለህ። ምንም አትጨምርም። ምንም።

"እሺ" አልኩ።

"ለእማዬ ከዚያ በኋላ እነግራታለሁ። አሁን ከሰማች ታምማለች።"

ልክ በሆኑት ቁጥሮች እንደገና ሠርታ አይታዋለች። በደረት የተያዙት አሁንም ይበልጣሉ። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ማለት ድሮም ልክ ነበረች።

ዓርብ 20

ጋሽ ብየዳን ለመንኩት። ሲሰማኝ ጢሙን እየነጨ ነበር። "ከሙታን ሳጥን አውጥተህ ለገዛ እህትህ?" አለ። ምስክር ሆኖ ሊመጣ ተስማማ። "የማውቀውን እናገራለሁ። የማላውቀውን አልናገርም።"

አንድ ነገር ጠየቀኝ። "ራሟ ብልሹ መሆኗን ታሳያቸዋለህ፤ እሺ። ግን በዚያ ሰሞን ማሽኑ ውስጥ እንደነበረች በምን ታሳያቸዋለህ? ትናንት ከሳጥን አውጥተህ ብታመጣስ? ነጥቧ የታለች?"

"ጠረግኋት።"

"መዝገብ ላይ ጽፈሃል?"

ዝሆኔ ይመሰክርልኝ እንደሆነ ሄጄ ጠየቅሁት። "የኮሌጅ ሰዎች ፊት? እኔ?" አለ። ከከተማ ወጥቶ አጎቱ ዘንድ ሄዷል ይሉኛል አሁን።

ሰኞ 23

ጋሽ ብየዳ ለምሳ ወጣ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ያለፈውን ወር የ7ኛውን ቀን ገጽ ገለጥኩ። ያን ቀን የጻፍኩት ሁለት መስመር ነው፤ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኪቦርድ። በመሃላቸው ቦታ አለ። ጠባብ ናት፤ ግን ትበቃለች።

"ከሙታን ሳጥን አንድ ራም ወሰድኩ።"

እውነት ነው እኮ የጻፍኩት። ቀኑም እውነት ነው። ያኔ መጻፍ የነበረብኝን ነው አሁን የጻፍኩት። ውሸት የሚባለው ያልሆነን ነገር መጻፍ ነው። ይኼ ሆኗል።

ምንም አትጨምርም ብላኝ ነበር። ይኼ መጨመር አይደለም። መሙላት ነው።

ሐሙስ 26

ከመጀመሪያው እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩት አያስተኛኝም።

ረጅም ጠረጴዛ። አምስት ሰዎች። ሰብሳቢዋ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ሚዛን ከጎናቸው። ከዳር የኮሌጁ የኮምፒውተር አስተማሪ። እታለም የሥራ ጫማዋን አድርጋ ነው የመጣችው፤ ከዚያ ወደ ተረኛነት ልትሄድ። እማዬ ውጭ ኮሪደር ላይ ነች። እታለም አትምጪ ብላት አልሰማችም።

ራሟን አሳየሁ። አስተማሪው ራሱ ማሽን ላይ ሰካት። ክፍሉ በማቀዝቀዣ ብርድ ብርድ ይላል፤ ንጹሕ ወጣች። "ትሙቅ" አልኩ። ከቦርሳዬ ማድረቂያውን ሳወጣ አንዱ ሰውዬ ሳቀ። ሳሞቃት ቀዩ መጣ። አስተማሪው ጠጋ ብሎ አየ። "ልጁ ልክ ነው" አለ። "ስልሳ አራቷ ማብሪያ ተጣብቃለች። ከሰንጠረዡ ጋር ይገጥማል።"

እታለም ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ያን ጊዜ አበቃ፣ ዳንን ብዬ ነበር።

ሰብሳቢዋ "እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው" አሉ። "ይህች ዕቃ ቁጥሩ በገባበት ጊዜ ማሽኑ ውስጥ ነበረች? ወይስ ስህተቱ ከታወቀ በኋላ፣ የሚገጥም ዕቃ ተፈልጎ መጣ? እንደምሰማው እናንተ ዘንድ ብልሽት በሳጥን ሙሉ ነው ያለው።"

ያኔ "ማስረጃ የለኝም" ማለት ነበረብኝ። መዝገቡን አወጣሁ።

ሚዛን ነው የተቀበለኝ። ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረገው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ለሰብሳቢዋ አቀበላቸው።

"የላይኛውና የታችኛው መስመር በጥቁር እስክሪብቶ ነው" አሉ። "የመሃሉ ሰማያዊ ነው። ፊደሉም ለመግባት ተጨናንቋል።" ወደ ጋሽ ብየዳ ዞሩ። "መዝገቡን በየቀኑ ያያሉ?"

"በየማታው አያለሁ።"

"ይህ መስመር ያን ቀን ነበር?"

ጋሽ ብየዳ እኔን አየኝ። እንዲህ አዝኖ አይቶኝ አያውቅም። "አልነበረም" አለ።

"እውነት ነው ግን" አልኩ። "መስመሩን አሁን ነው የጻፍኩት፤ ነገሩ ግን ያኔ ሆኗል። እኔ ነኝ የሰካኋት። እታለም ሰማያዊ ስክሪን መጣ ስትለኝ እኔ ነኝ ያደረግሁት አልኳት። ስትቀልድ ነው ብላ..." ስናገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

"እህትህ ናት?" አሉኝ ሰብሳቢዋ፣ ለስለስ ብለው።

"አዎ።"

"ታላቅህ?"

"አዎ።"

"አሳድጋሃለች መሰለኝ።" ፋይሉን ዘጉት። "በቃ ልጄ። ይገባናል።"

እታለም ተነስታ የምትችለውን ሁሉ ተናገረች። በሥርዓት ተናገረች። ማንም አላቋረጣትም፤ ግን ብዕር የያዘ ሰው አልነበረም።

ደረጃው ላይ ደረስኩባት።

"መስመሩን ማን ጻፍ አለህ?" አለችኝ።

"እውነት ስለሆነ..."

"ማን ጻፍ አለህ?"

ለተረኛነት ዘገየሁ ብላ ሄደች።

ሰኞ 30

ደብዳቤው መጣ። ጽሑፉ ተሰርዟል። ከትምህርቱ ተሰናብታለች። ሆስፒታሉም የራሱን ጻፈ፤ ከጨቅላዎቹ ክፍል ተነስታ ካርድ ክፍል ትመደብ። እናቶች እንዲውሉ የተሰጠው ፈቃድም ተነሳ።

ስለ እኔም አንድ አንቀጽ አለ። እታለም ጮክ ብላ አነበበችው፤ ድምፅዋ ምንም አልነበረበትም። "ታናሽ ወንድሟ ጥፋቱን በራሱ ላይ ለመውሰድ ያደረገው ጥረት ከወንድማዊ ፍቅር የመነጨ መሆኑን ኮሚቴው በመረዳት፣ በመዝገቡ ላይ ስላደረገው ተግባር ክስ እንዳይመሠረትበት ወስኗል።"

አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

እማዬ ተነስታ መጥታ ራሴን ይዛ ግንባሬን ሳመችኝ።

ቅዳሜ፣ በአዲሱ ወር 5

ሰፈር ሁሉ ሰምቷል። እማዬ ልብስ ለሚያሰፋ ሁሉ ትናገራለች። ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ፣ ድሮ ስገባ ተንኮሌን ፈርቶ የመመዘኛውን ሚዛን የሚሸፍነው፣ ዛሬ እጄን ጨበጠኝ። "ለእህት እንዲህ ነው" አለኝ። ጎረቤታችን ሴትዮ ለልጇ እያሳየችኝ "እሱን እይ" ትለዋለች። እታለም ከካርድ ክፍል ስትመለስ መንገዱን በማዶ በኩል ነው የምትመጣው። ሰላም የሚላት ቀንሷል።

ጋሽ ብየዳ ሳጥኑ ላይ ቁልፍ አድርጎበታል። ሥራዬን አልቀማኝም። ቢቀማኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ ምሳ ላይ ሦስታችንም ነበርን። እማዬ ትልቁን የሥጋ ቁራጭ በእታለም ሳህን አሳልፋ የእኔ ላይ አደረገችው።

"እማዬ" አልኳት፤ "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እሷን ላድን ብዬ አይደለም። ራሟን እኔ ነኝ የቀየርኳት፣ እኔ ነኝ የዋሸኋት። እሷ አንድም ቁጥር አልነካችም።"

"አውቃለሁ ልጄ" አለች፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው አድርጋ። "አውቃለሁ። አሁንስ ይበቃሃል።"

"እውነቱን ነው እማዬ" አለች እታለም። ከሳህኗ ቀና ብላ አየቻት። "አደረግሁ ያለውን ሁሉ አድርጎታል። እኔ ምንም አላደረግሁም።"

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። 

"እሱ ላንቺ ብሎ ሰው ፊት ከተዋረደ፣ አንቺ ደግሞ ቤት ተቀምጠሽ ጥፋቱን በእሱ ላይ አትለጥፊ" አለቻት። "ባይሆን ዝም በይ።"

እታለም ሳህኗን አንስታ አጠበች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

"ብላ" አለችኝ እማዬ። "ይቀዘቅዝብሃል።"

በላሁ።